ሰም የተለጠፈበት ሶኬት

ወልደአረጋይ እንደሚለው ከሆነ የሳሎኑን ሶኬት ያቃጠለችው እኅቱ ናት፤ በእርጥብ እጇ ነካክታ፣ የካውያውን ገመድ ጎትታ። ወለተሐና እንደምትለው ከሆነ ግን እጇ ደረቅ ነበር፣ ገመዱንም አልጎተተችም። የደንብ ልብሷን ተኩሳ ሳትጨርስ ሶኬቱ ጠቁሮ ቤቱ ሸተተ፤ በቃ ይኸው ነው።

አባታቸው መሪጌታ ገብረአብ ሁለቱንም በትዕግሥት አዳመጡ። ልጃቸው አዲስ አበባ ኤሌክትሪክ ተምሮ ደብረ ብርሃን ሲመለስ የቤቱን ሽቦ የዘረጋው እሱ ነው። እሷ ደግሞ ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

«ምስክር አለሽ፣ ወለቴ?»

«የለኝም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ካውያውን አትንኪ።»

የካውያውስ ግድ የለም። ያስጨነቃት ሌላ ነው። ወንድሟ የሰንበት ትምህርት ቤቱን አዳራሽ መብራትም የዘረጋው በዚያው በሳሎኑ ዓይነት የአሉሚኒየም ሽቦ ነው። ጣሪያውም ወለሉም ጣውላ ነው፤ እሑድ ሲመረቅ ደግሞ በሕፃናት ይሞላል።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከአባቷ ጧፍ ትንሽ ሰም ቆንጥራ መጣች።

«ወንድም ጋሼ፣ የመኝታ ቤቱ ሽቦ መዳብ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ሲያልቅብኝ ነው ለሳሎኑ አሉሚኒየም የገዛሁት። ምነው፣ መሐንዲስ ልትሆኚ ነው?» አላት እየሣቀ።

«ዝም ብለህ አጠገቤ ቁም።»

በመኝታ ቤቱ ሶኬት ላይ ሰም ለጥፋ ካውያውን ሰካች። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ደግማ እስክትጨርስ ሰሙ ንቅንቅ አላለም። ቀጥላ ሳሎን ገብታ፣ ባልተቃጠለው ሁለተኛ ሶኬት ላይ እንደዚያው አደረገች። ግማሹን እንኳ ሳትደግም ሰሙ አብረቀረቀ፣ ላላ፣ ከዚያ ወደ ወለሉ ተንሸራተተ።

የወልደአረጋይ ሣቅ ቆመ። ከቆጣሪው አጥፍቶ ሶኬቱን በካቻቢቴ ከፈተው። ሽቦውን የያዘው ብሎን በጣቱ ዞረ።

«እስኪጮህ ድረስ ነበር ያጠበቅሁት» አለ ቀስ ብሎ። «አሉሚኒየም ሲግል ከመዳብ ይበልጥ ያብጣል፤ ሲበርድ መልሶ ይኮማተራል። እንዲያ ሲል ሲል ከብሎኑ ሥር ይላላል፤ የላላው ደግሞ ይበልጥ ይግላል። ለአሉሚኒየም የሚሆነው ሶኬት ሌላ ነው ተብለን ነበር። እኔ ምን ለውጥ አለው ብዬ…»

«አላልኩህም?» ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የላላውን ብሎን ደጋግሞ ሲያዞር አየችና ዋጠችው።

«አዳራሹ እስከ ነገ ባዶ ነው» አለችው በምትኩ።

«ሰፈሩ ምን ይለኛል? ሁሉም ቤቴን ሥራልኝ እያለ ሲለምነኝ ከርሞ!»

የወደቀውን ሰም አንሥቶ አሻሸው፤ ከዚያ ወደ በሩ ሄደ። መሪጌታ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ዳዊት ይደግማሉ።

«አባባ፣ ወለተሐና እውነቷን ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁኑኑ ሄጄ የአዳራሹን ሽቦ እነቅላለሁ። ምረቃው ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ይሁን።»

ወለተሐና ካቻቢቴውን ከመሬት አነሣች።

«እኔም አብሬው እሄዳለሁ፣ አባባ።»