ጭራሮ የናቀው መሐንዲስ

መሐንዲሱ ሰው ሲንቅ አይደብቅም ነበር፤ በተለይ አማቱን። ሴትዮዋ አርባ ዓመት ሲያዋልዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ጡረታ ወጥተውም ቁጭ ማለት አልሆነላቸውም። በጓሯቸው በሚያልፈው ወንዝ ውስጥ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ካስማ ይተክላሉ፤ በካስማዎቹ መሃል ቅርንጫፍና ጭራሮ እንደ አጥር ይጎነጉናሉ።

ወንዝ አልን እንጂ የቀረው ስሙ ብቻ ነበር። ሰፈርተኛው ቆሻሻውን ደፍቶበታል፣ የዳሩን ዛፍ ቆርጦ ማግዶታል፣ አሸዋውን ዝቆ ሸጦታል። ከዚያ ክረምት በመጣ ቁጥር «ጎርፍ ፈጀን» እያለ ያላዝናል። መሐንዲሱ ደግሞ ጠመዝማዛውን ወንዝ በዶዘር አቀናው፤ ግራና ቀኙን በኮንክሪት ገነባው፤ ተጨበጨበለት። የተቃና ውሃ ግን ልጓም የበጠሰ ፈረስ ነው። እየጋለበ ወለሉን ቦረቦረው። ወለሉ ሲጠልቅ የሰፈሩ የውሃ ጉድጓዶችም አብረው ጠለቁና በበጋ ባልዲ ጭቃ ይዞ ይወጣ ጀመር።

«እማማ፣ ይሄ የወፍ ጎጆ ነው እንዴ?» አለ አንድ እሑድ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ዳር ቆሞ። «በዚህ ጎርፍ ሊያቆሙ?»

«ማን ላቁም አለ? ጎርፉን ቀስ በል ነው የምለው። እዚያ ላይ ዛፍ ከወደቀበት ወዲህ ከኋላው ደለል ተኝቷል፣ ሣር በቅሏል። አይተኸዋል?»

«እኔ አምስት ዓመት የተማርኩት የወደቀ ዛፍ ለማየት አይደለም።»

«እሱማ ያስታውቃል» አሉና ጉንጎናቸውን ቀጠሉ።

ቢሮ ገብቶ «አማቴ ወንዙን ሹሩባ እየሠሩት ነው» ሲል ባልደረቦቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

በክረምቱ አጋማሽ ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ውሃ ከሥሩ ሲበላው የኖረው ግንብ ተገነደሰ። ግንቡን ተደግፎ የተሠራው የልብስ ሰፊው ሱቅም አብሮት ወረደ። ልብስ ሰፊው እግሩ ከሁለት ቦታ ተሰበረ፤ የስፌት መኪናዎቹን ጎርፍ ወሰዳቸው።

የቢሮው ኃላፊ መሐንዲሱን ጠርቶ በሩን ዘጋ። «ከግንቡ በላይ አማትህ የተከሏቸው እንጨቶች ተነቅለው ግንቡን መቱት ብለህ ጻፍ። ሴትዮዋ እንደሆነ ፈቃድ የላቸውም።»

መሐንዲሱ አላመነታም። ያሳፍራል፣ ግን አላመነታም። ሪፖርቱን ጽፎ ጨረሰና ፎቶ ሊያነሳ ወደ አማቱ ጓሮ ወረደ።

ካስማዎቹ ቆመዋል። ከአሥራ አንዱ አጥር የተቀደዱት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከቀሩት ኋላ ደለል እስከ ጉልበት ተከምሯል፤ ውሃው እየተጠማዘዘ፣ ወደ ዳሩ ሜዳ እየተንጣለለ በእርጋታ ይሄዳል። አማቱ የተቀደደውን ሊጠግኑ ቅርንጫፍ ታቅፈው ቆመዋል።

«ግንቡን ያፈረሱት የእኔ እንጨቶች ናቸው ልትል ነው የመጣኸው?» አሉት። ሰፈር ውስጥ ወሬ ከጎርፍ ይፈጥናል።

አማቱ አንዱን ቅርንጫፍ በካስማዎቹ መሃል ሰኩ።

«ስንቱን ሳዋልድ ኖሬ አንዱንም በጉልበት ጎትቼ አላወጣሁም። ውሃም እንደዚያው ነው። አንተ ግን ጎተትከው።»

መሐንዲሱ ፎቶ ሳያነሳ ስልኩን ኪሱ ከተተው። ያን ጊዜ የናቀው ራሱን ነበር።

በማግስቱ ሪፖርቱን ቀይሮ «ግንቡን የጣለው የእኔ ንድፍ ነው» ብሎ ፈረመ። ኃላፊው ዘልፎ ወደ መዝገብ ቤት አዛወረው። መሐንዲሱ ሆስፒታል ሄዶ ለልብስ ሰፊው እውነቱን ነገረው፤ ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እስከ ዛሬ አያናግረውም፤ አይፈረድበትም።

እሑድ ሱሪውን ጠቅልሎ ወንዙ ውስጥ ገባ። «እማማ፣ ይቅር...»

«ይቅርታው ይደርሳል። መጀመሪያ ካስማውን ቀጥ አድርገህ ያዝልኝ፤ ቀጥ ማድረግ እንደሆነ ትወዳለህ።»

በሁለተኛው በጋ በአማቱ ጓሮ በኩል ያሉት የላይኞቹ ጉድጓዶች ንጹሕ ውሃ ያዙ። ሲስቅ የነበረው ሁሉ ባልዲውን ይዞ ተሰለፈ፤ ቅርንጫፍ ይዞ የመጣው ግን ከጣት ቁጥር አያልፍም።

እናንተም ድልድይ ላይ ቆማችሁ ቆሻሻ እየወረወራችሁ «የሚመለከተው አካል ያጽዳው» የምትሉ፣ ስሙ። ወንዙን ስትገድሉት ዲግሪ አላስፈለጋችሁም። ለማዳን ሲሆን ምነው ባለሙያ ጠበቃችሁ?