የአባባ ይማም ስንኝ

ከመጀመሬ በፊት እወቅልኝ፣ እኔ ጂን ሲባል የምስቅ፣ ዛር ሲባል "ሥራ የፈታ ሰው ወሬ" የምል ነበርኩ፣ ሚስቴ እንኳ "አንተ ከጠመኔ በቀር የምታምነው የለህም" እያለች ትቀልድብኛለች። ይህን የማጫውትህም ላስፈራራህ ብዬ አይደለም፣ አፍሬ ነው፣ እመነኝ፣ ከፍርሃቱ እፍረቱ ይብሳል።

ወልድያ ውስጥ በማስተምርበት ኮሌጅ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሙዚቃ ዝግጅት ነበረን፤ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ክራር፣ አንድ ዋሽንት፣ አንድ ቫዮሊን፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ አርባ ወንበር በምትይዝ ክፍል ውስጥ፣ መግቢያው በነፃ፣ ለተማሪውም ለገበሬውም። አዘጋጁ እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ስማር እንዲህ ያለው ሙዚቃ ትንፋሽ ዋጥ ተደርጎ እንደሚሰማ አይቼ ነበርና በሩ ላይ "ማውራት ክልክል ነው" ብዬ ለጠፍኩ። አስበው እስቲ፣ በወሎ ምድር፣ ማሲንቆ እየተመታ፣ "ተቀበል!" ብሎ ስንኝ መስጠት ክልክል! አድማጩ ግጥም ካልሰጠው ማሲንቆ መቺው ምኑን ያዜማል? ያኔ ግን ሥልጣኔ መስሎኝ ነበር።

አባባ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ከግራና ከተማ ድረስ በሚኒባስ እየመጡ ኋላ ረድፍ ላይ ይቀመጡ ነበር። ልጃቸው ጀማል እዚሁ ኮሌጅ ሲማር ቆይቶ ጦርነቱ ሲጀመር የዘመተ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ውጊያው ወደ እኛ እየቀረበ በነበረበት በአንዱ ሐሙስ፣ አምባሰል እየተመታ ሳለ፣ ብድግ አሉና ማሲንቆ መቺውን "ተቀበል ልጄ! ለጀማል ነው፣ በተማረበት ቤት ይባልለት" አሉ። እኔ ከፊት ዞር ብዬ "አባባ፣ ይቀመጡ፣ እዚህ እኮ ጠጅ ቤት አይደለም" አልኳቸው። ጠጅ ቤት! አምስት ወቅት ሲሰግዱ የኖሩ፣ መጠጥ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሰው ናቸው። ተማሪው ሳቀ። እሳቸው ኩታቸውን ሰብስበው "አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ መምህር፣ አላወቅሁም ነበር" አሉና ወጡ። ነገ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኩ፣ ነገ ነገን እየወለደ ከረመ፣ ጦርነቱ ደረሰና ቤተሰቤን ይዤ ደብረ ብርሃን ገባሁ።

ከወራት በኋላ ስንመለስ ከአርባው ወንበር ዘጠኝ ተርፎ አገኘን፣ ማሲንቆ መቺያችን ግን ማሲንቆውን እንደያዘ ተመልሶ ነበርና ዝግጅቱ ይቀጥል ተባለ። እኔም ከሁሉ በፊት ይቅርታዬን ልጠይቅ ብዬ በጠራራ ፀሐይ ግራና ሄድኩ። ቤታቸውን አላውቀውም፣ በሕይወቴ ረግጬው አላውቅም፣ ይህን ያዝልኝ። ሰው ልጠይቅ ቆም ስል ውሃ ቀድታ የምታልፍ ሴት "ዛሬስ መንገዱ ጠፋህ እንዴ?" ብላ እየሳቀች በእጇ አመለከተችኝ። ሰው ተመሳስሎባት ነው አልኩ። ከፊቴ የሚሄደውን መንገደኛ ሲጮህበት የነበረ ውሻ እኔን ሲያይ ዝም አለ፣ ጭራውን እየቆላ መጥቶ እጄን አሸተተኝ። ገና "ቤቶች!" ሳልል ከውስጥ በርጩማ ሲጎተት ሰማሁ።

"መጣህ? ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል" አሉ አባባ ይማም። ከስተዋል። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

"ተው እንጂ፣ ስንቴ አውፍ ልበልህ?"

"መቼ አሉኝ፣ አባባ?"

"ኧረ አላህን ፍራ! በዚያ በጭንቁ ጊዜ፣ መንገዱ ተዘግቶ ሰው ከደጁ በማይወጣበት፣ በሐሙስ ቀን አልመጣህም? ወላሂ አንጀቴን ነው የበላኸው። እግሬን ይዘህ አለቀስክ። እዚችው በርጩማ ላይ ተቀምጠህ የጀማልን ስንኝ ተቀበልከኝ፣ በቃልህ እስክትይዘው ደጋገምከው።"

"ውሃ እንኳ አልጠጣም ብሎ ነው የሄደው" አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ።

ልብ በል፣ ያን ጊዜ እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ሚስቴ ምስክሬ ናት፣ አንድ ቀን እንኳ ከከተማው አልወጣሁም። "እኔ አይደለሁም" ማለት ምን ይከብዳል? ግን እንዲያ ካልኩ አልመጣሁም፣ አላለቀስኩም፣ እውነቱን ለመናገር እርስዎንም ረስቼዎት ነበር ማለቴ ነው። ፊታቸው በርቶ ያዩኛል። በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ።

"ስንኙን ለማሲንቆ መቺው ሰጠኸው?" አሉኝ።

"ሐሙስ እሰጠዋለሁ" አልኩ። ስንኙን አላውቀውም እኮ!

"በል ሐሙስ መጥቼ እሰማዋለሁ።" ሲሸኙኝ ደጁ ላይ ትክ ብለው አዩኝና "ያኔ እንዲህ አልነበርክም፣ ዛሬ ቀዝቀዝ ብለሃል" አሉ።

ሐሙስ መጡ። በሩ ላይ የለጠፍኩትን ቀድጄ ጥያለሁ፣ "አባባ፣ እስቲ ዛሬ ስንኙን ራስዎ ይስጡት" ብዬም ለመንኳቸው። "አይሆንም፣ አንዴ ላንተ ሰጥቻለሁ፣ የሰጡትን መልሶ መውሰድ ነውር ነው፣ ካንተው አፍ ይውጣ" አሉ። አምባሰሉ ተጀመረ፣ ማሲንቆ መቺው የሚቀበለውን ፈልጎ ቀና አለ፣ አባባ ይማም ወደ እኔ ዞሩ። የማላውቀውን ስንኝ ከየት ላምጣ? ዜማው አለቀ፣ ሰው አጨበጨበ፣ እሳቸው መጥተው እጄን ያዙና "አብሽር፣ ሐዘኑ ይዞህ ነው፣ ለሚቀጥለው ይሁን" አሉኝ።

ይኸው ስንት ሐሙስ አለፈ፣ ጀማል አልተመለሰም፣ እኔም እውነቱን አልተናገርኩም። ያ ሰው ማን እንደነበር፣ ምን እንደነበር አላውቅም። ሙዚቃው ሲጀመር ግን ዓይኔ በሩ ላይ ነው፣ ብቅ ቢል፣ ፊቱ የእኔው ቢሆን እንኳ፣ ቦታዬን እለቅለት ነበር። አባባ ይማም ግን የሚያዩት እኔን ነው።