የማይመለሰው አራተኛ ክር

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ... አንዲት ነገር ግን አልጨመርኩበትም።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ የሥራ ጠረጴዛዬን ሞልታዋለች። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ማሽኑን ያንገጫግጫል።

የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ። ያን ቀን ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው ፔዳል ስቲል ጊታር ነው። ለማታውቁት... እንደ ጠረጴዛ በአራት እግር ይቆማል። ተጫዋቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ክሮቹ ላይ ብረት እያንሸራተተ ይጫወታል። ፔዳሉን በእግሩ ሲረግጠው፣ ከስር ያለ ቀጭን ዘንግ ክሩን ይስበውና ድምፁ ከፍ ይላል። ሲለቀው ክሩ ወደ ቦታው ይመለሳል።

መመለስ አለበት።

ባለቤቱ "ጋሽ ዝምታ" የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ከሞቱ ወር ሆኗቸዋል። ጊታሩን ያመጣችው ልጃቸው ናት።

"አራተኛው ክር አይመለስም" አለችኝ። "ልማርበት አስቤያለሁ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ምን እንደሆነም ትነግረኛለህ... ማወቅ አለብኝ።"

"እሺ እህቴ" አልኩ።

ምን እንደሆነማ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳውቅ ኖሬያለሁ።

ያኔ ጋሼ ለጽዳት ብለው አምጥተውት ነበር። አንዱ ዘንግ ይንቋቋል። አናደደኝ! ጫፉ ላይ ያለችውን ማጥበቂያ ዳዶ ጥርቅም አድርጌ አጠበቅኳት። መንቋቋቱ ጠፋ፤ እኔም ጎበዝ ነኝ አልኩ። ዘንግ ግን የፀጉር ያህል ክፍተት ይፈልጋል። ከጠበቀ፣ ፔዳሉ ቢለቀቅም ክሩን እንደጎተተ ይቀራል። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ የለም። ቸኮልኩ፣ በቃ።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ።

"ልጄ፣ አራተኛው ክር አይመለስልኝም።"

ገልብጬ አየሁት። የእኔው ጥፋት ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ግን ሱቁ ውስጥ ሦስት ደንበኞች ቆመዋል፤ ሁሉም ስሜን ሰምተው የመጡ ናቸው። አፌ ቀደመኝ።

"እቃው ደህና ነው ጋሼ። የደከመው ጆሮዎ ነው።"

አንዱ ደንበኛ ሳቀ። እሳቸው ጆሯቸውን ዳበስ አደረጉት።

"እውነትህን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

ጊታሩን ይዘው ሄዱ። ቤታቸው ድረስ ሄጄ አስተካክልላቸዋለሁ አልኩ። ዛሬ፣ ነገ... ሳልሄድ ቀረሁ። እሳቸው "ጆሮዬ ከዳኝ" ብለው ከባንዱ ወጡ። እስኪሞቱ ድረስ መድረክ አልረገጡም። ያን ሰው ከሙዚቃ የነጠልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም።

እና ያን ቀን ዳዶዋን ሩብ ዙር አላላሁ። ጊታሩን አቆምኩት፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ ፔዳሉን ረግጬ ለቀቅኩ። የመቃኛው መርፌ ወጥቶ ተመለሰ... ልክ መሃል ላይ። እፎይ!

እጄን ልታጠብ ዞር አልኩ።

ክሩ ጮኸ... ቀስ ብሎ።

ዞሬ ሳይ መርፌው ከመሃል አልፎ ቆሟል። ፔዳሉን የነካው የለም። ገልብጬ አየሁ። ዳዶዋ ጠብቃለች።

'ረስቼ ይሆናል' ብዬ ድጋሚ አላላኋት። ድጋሚ ጠበቀች።

በሦስተኛው ግን ደሜ ፈላ። ፔዳሎቹን ከነመያዣቸው ነቅዬ ግድግዳ ላይ አስደገፍኳቸው። ጊታሩን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ገለበጥኩት። "እስቲ አሁን!" አልኩ።

ዓይኔን ሳልነቅል አየኋት። ዳዶዋ ዞረች። ቆም አለች... ዞረች። ሰው በሁለት ጣቱ እንደሚያዞራት።

ግድግዳው ጋ ካሉት ፔዳሎች አንዱ ወረደ። እንደወረደም ቀረ።

"ጋሼ...?" አልኩ በሹክሹክታ።

ከኋላዬ ወንበሩ ሲጢጥ አለ፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው።

የዳዶ መፍቻዬን እንደጨበጥኩ፣ ወደ ወንበሩ ሳልዞር፣ አስራ አንድ ሰዓት ሆነ። ልጃቸው ገባች።

"አገኘኸው?"

"አዎ... ዘንጉ ጠብቆ ነው።"

"የአባዬ ጆሮ አልነበረም ማለት ነው?"

"አልነበረም።"

ዓይኗ እንባ ሞላ። "ጆሮው ሞተ ብሎ ነው እኮ የሞተው። ማን ነው ያጠበቀው?"

አሁን ተናገር! አልኩ ለራሴ። በእናትህ ተናገር! አፌን ከፈትኩ።

"እንጃ... በጊዜ ብዛት ይሆናል።"

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ትከሻዬን አልፋ ወደ ወንበሩ አየች። ጊታሩንና ፔዳሎቹን ሣጥኑ ውስጥ ከታ አነሳች፣ በሩን ከፈተች፣ በጀርባዋ ደግፋ ያዘችው። ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው የምታሳልፍ ነው የምትመስለው።

"ቀስ በል አባዬ፣ ደረጃ አለ።"



በሩን እንደያዘች ጠበቀች... ጠበቀች... ከዚያ ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ወደ ክፍሉ አዳመጠች።

"እምቢ አለ" አለችኝ።

"ማ... ማን?"

"ከአንተ መስማት የሚፈልገው ነገር ገና አለ መሰለኝ።"

በሩ ተዘጋ። የልብስ ሰፊው ማሽን ፀጥ አለ።

ያኔ ዞርኩ። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ግን ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል። ስፖንጁ መሃሉ ላይ ጎድጉዷል።

"ጋሼ... እኔ..." አልኩ። የቀረው አልወጣ አለኝ።

የወንበሩ የኋላ እግሮች ከወለሉ ብድግ አሉ። ሰው በደንብ ለመስማት ወደፊት ሲያዘነብል እንደሚሆነው... ወንበሩ እንዲሁ እንዳዘነበለ ቀረ።