ብርቱካናማው ብልቃጥ

እዚህ ታሪክ ላይ አንድም ቃል አልተጨመረም፤ ተጨምሮ ከሆነ ምላሴን ይያዘው። መርማሪው አንዲት ቁልፍ አይቶ ሸሚዙን የሰፋውን ሰው ስም የሚናገር ጉድ ነበር። ያም ሆኖ ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤተ ሙከራው በር ላይ ሲደርስ እግሩ ተያዘ። ሽማግሌው ኬሚስት ከጠረጴዛቸው ሥር በጎናቸው ተኝተዋል።

«ልባቸው ነው» አለ ሐኪሙ። «ግን ወዲያው አልሞቱም። ኪኒናቸው በር ላይ በተሰቀለው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ነበር።»

መርማሪው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብልቃጥ ጎንበስ ብሎ አየ። ፈሳሹ ቀለም የለውም፤ ከታች ነጭ ዝቃጭ ተኝቷል። ከላይ ያለው ማንጠባጠቢያ ባዶ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የፎስፈረስ ሥራ ነው» አለ ጉንጩ ያበጠው ረዳት። «ብልቃጡ ውስጥ ያለው ካርቦን ፎስፈረስ ይዟል፤ ብርቱካናማ ነው። ኦክስጅን የተሸከመ ሌላ ካርቦን ከላይ ይንጠባጠብበታል። ፎስፈረሱ ኦክስጅኑን ነጥቆ ሲሄድ ሁለቱ ካርቦኖች በድርብ ይያያዛሉ። ያኔ ቀለሙ ይጠፋል።»

«ስትወጣስ?»

«ብርቱካናማ ነበር። ጥርሴን ልነቀል ሄድኩ።»

«ተነቀልክ?»

«አዎ፣ ደህናውን።»

የሟቹ ልጅም ኬሚስት ናት፤ ከአባቷ ጋር ሳትነጋገር ሁለት ዓመት ሆኗታል።

«የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ብቻዬን።»

«ምን አጣላችሁ?»

«ይሄ ሥራ በፎስፈረስ ይቻላል አልኩት። ተማሪዎቹ ፊት ሳቀብኝ።»

መርማሪው ሁሉንም እዚያው ሰበሰበ። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ መወልወያቸውን ይዘው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እሱ ሲናገር ብርጭቆዎቹ ሳይቀሩ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር።

«መዝገባቸው አሥረኛው ጠብታ ላይ ይቆማል፤ ብዕሩም አብሯቸው ወድቋል። ማንጠባጠቢያው ግን ባዶ ነው። የቀረው በአንዴ ቢደፋ ገንፍሎ ጠረጴዛውን ያበላሸው ነበር፤ ጠረጴዛው ንጹሕ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው፣ እሳቸው እግሩ ሥር እያጣጣሩ፣ ኪኒኑን ትቶ ጠብታ በጠብታ ሥራውን ጨርሷል። ይህን የሚችል የተማረ እጅ ነው። ይህን ሥራ ከአባቷ ነፍስ የምታስበልጥ ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ናት።»

ልጅቷ እጇን ለካቴናው ዘረጋች።

«እኔ በሆንኩ» አለች። «አጠገቡ ነበርኩ ማለት ነው።»

«እሷ አይደለችም» አሉ የጽዳት ሠራተኛዋ ቀስ ብለው። «እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም እንጂ።»

«እርስዎ?»

«ይሄን ወለል ስወለውል፣ እጃቸውን ሳይ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሲወድቁ ደረስኩ። ኪኒኑን ላመጣ ስል ቀሚሴን ያዙኝ። ‹ተዪው፤ ማንጠባጠቢያውን አትልቀቂ። ልጄ ልክ ነበረች። ሲነጣ ጥሪልኝ፣ መጥታ ትየው› አሉኝ።» ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንድ በአንድ ቆጠርኩ፣ ልጄ። ሲነጣ ‹ነጣ እኮ ጋሼ› አልኳቸው። ቀሚሴን እንደያዙ ነበር።»