በአሮጌው ቅርንጫፍ ያልጮኸ ደወል

በሽተኛው ሽማግሌ ትንፋሻቸው ቆሞ በሕክምና ቤት አልጋቸው ላይ ተገኙ፤ በራስጌያቸው የነበረው የትንፋሽ መቆጣጠሪያ ግን አልጮኸም ነበር። ተረኛዋ ነርስ ደወሉን ዘግታ ተኝታለች ተብላ ታሰረች።

መርማሪዋን አንድ ነገር ከነከናት። በዚያው ክፍል ያሉት አዳዲስ መቆጣጠሪያዎች ሲሞከሩ ይጮኻሉ፤ የሟቹ ዓይነት አሮጌዎቹ ግን ደወላቸው ክፍት ሆኖ ሳለ ሁሉም ዝም ይላሉ። ስለዚህ ደወሉን የሚያዝዘውን የኮምፒውተር ኮድ ወደሚያዘጋጁት ሰዎች ሄደች።

ለማንም ክፍት የሆነውን የደወሉን ኮድ በበጎ ፈቃድ የሚጠብቁት ሦስት ናቸው፤ መሥራቹ፣ የእኅታቸው ልጅና ኮዱን በመሣሪያ ላይ የሚሞክረው «ቀጭኑ» የሚባለው ፈታኝ። ኮዱ ሁለት ቅርንጫፍ አለው፤ ዋናው ለአዲስ መሣሪያ፣ ለዓመታት ለብቻው የኖረው ሁለተኛው ለአሮጌ። የእኅት ልጅ ከዋናው ማሻሻያ ወደ አሮጌው መገልበጧን አልካደችም፤ በአሮጌ መሣሪያ ሳይሞከር እንዳይለቀቅ አደራ ማለቷንም ነገረቻት። ያለቀውን ኮድ ለሕክምና ቤቶች የሚለቅቁት መሥራቹ ናቸው።

«ሞክሬዋለሁ፤ ጮኋል» አለ ቀጭኑ።

«ድምፁ እንዴት ያለ ነው?»

«እንደ አማቴ፤ አንዴ ከጀመረ ማን ያቆመዋል?»

የእኅት ልጅ ሳቀች። መሥራቹ ዓይናቸውን ሰበሩ።

መርማሪዋ ኮዱ የሚሞከርበትን አሮጌ መፈተኛ መሣሪያ ገልብጣ ከፈተችው። ከዚያም ዘፈን የሚሰማበትን የመሥራቹን ጠረጴዛ ጠጋ ብላ አየችና ወጣች።

በማግስቱ ሁሉንም በሕክምና ቤቱ ሰበሰበች፤ ነርሷም እጇ ታስሮ በፖሊስ ታጅባ መጣች።

«የአሮጌው መሣሪያ የቁጥር መያዣ ጠባብ ነው» አለች መርማሪዋ። «ከዋናው የተገለበጠው ስሌት የሚያወጣው ትልቅ ቁጥር ሞልቶ ፈሰሰበት፤ ደወሉም ጠፋ። አንድ ጊዜ ቢሞከር ይታወቅ ነበር። ቀጭኑ ግን ድምፁን ሰማሁ አለ። መፈተኛው የድምፅ ማጉያ የለውም፤ ተቆርጦ ወጥቷል።»

ቀጭኑ አንገቱን ደፋ።

«እሱ ሰንፎ ዋሸ። እኔ የፈለግሁት ግን ውሸቱን እያወቀ ኮዱን የለቀቀውን ሰው ነው። ጋሼ፣ ጠረጴዛዎ ላይ ዘፈን የሚሰሙበት ማጉያ የመፈተኛው ነው፤ የተቆረጡት ገመዶች ይገጥማሉ። ኮዱን ከመልቀቅዎ በፊት ጮኋል ሲልዎ፣ ማጉያው ቀድሞ ስለወጣ ሊሰማ እንደማይችል የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

 መሥራቹ የጋራውን መሣሪያ ለራሳቸው ደስታ ማፍረሳቸው እንዳይገለጥ ሲሉ ቀጭኑን ያመኑ መስለው ኮዱን መልቀቃቸውን አመኑ።

የነርሷ እጅ ተፈታ። አልተቆጣችም።

«ጋሼ፣ ልጆቼ ትምህርት ቤት መሄድ አቁመዋል። እናታችሁ ነፍሰ ገዳይ ናት ይሏቸዋል። እኔ ብነግራቸው ማን ያምነኛል? እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«ቤትሽ ወዴት ነው?» አሉ መሥራቹ፣ ቀና ሳይሉ።