ከጨርቁ ማዶ

የእንስሳት ክሊኒኩ ባለቤት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። የግራ እጅጌው ወደ ላይ ተጠቅልሏል፤ ክንዱ ላይ የመርፌ ነጥብ ትታያለች። ከእግሩ ሥር ሻለቃ ተዘርግቷል። ሻለቃ ውሻ ነው፤ ጥጃ የሚያክል፣ ከጌታው ርቆ የማያውቅ ውሻ። ከጭራው እስከ አፍንጫው በአረንጓዴ የቀዶ ጥገና ጨርቅ ተሸፍኖ ስለነበር፣ ጠዋት በሩን የከፈተችው ረዳት ሁለት ሬሳ ያየች መስሏት ጮኸች። ጨርቁ ሲገለጥ ግን ውሻው ይተነፍሳል። ዓይኖቹ እንደተከፈቱ ነበሩ፤ የሚያዩት ነገር ግን አልነበረም።

መርማሪው ሲደርስ ግቢው ጭር ብሎ ነበር። በጓሮው ክፍል የተኙት ድመቶችና ውሾች እንኳ ትንፍሽ አይሉም። ይህን መርማሪ በመሥሪያ ቤቱ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «እንዴት» ነው የሚሉት። ሌላው «ማን ገደለው?» እያለ ሲራወጥ እሱ «እንዴት?» ብሎ አንድ ጥግ ስለሚቆም ነው። አለቃው በዚህ ጠባዩ አንጀቱ ያርራል።

ዛሬም እንዲሁ ሆነ። አለቃው ቀድሞ ደርሶ ጉዳዩን ጨርሶታል። የማደንዘዣ ሐኪሟን በፖሊስ መኪና ጭኖ ልኳታል። የሟች የእህት ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞትባት በዚህ ቤት ያደገች፣ በአጎቷ እጅ ተምራ ለወግ ለማዕረግ የበቃች። የመድኃኒት ቁምሳጥኑ ቁልፍ ከቦርሳዋ ተገኝቷል። ከትናንት ወዲያ ከአጎቷ ጋር ስትጯጯህ ተሰምታለች። ደግሞስ ይህን የሚያክል ውሻ ሳይገድል የሚያስተኛውን የመድኃኒት ልክ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል?

«አስከሬኑ ውስጥ የተገኘው ማደንዘዣ ነው፤ ከውሻውም የተገኘው ያው ነው» አለ አለቃው። «እስከ ማታ ሌላ ነገር ካላመጣህ ክሱ በእሷ ላይ ይከፈታል። አበቃ።»

የሟች ሚስት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች።

«እባብ ነው ለካ ያሳደግኩት! በእጄ አጉርሼ! በጀርባዬ አዝዬ!»

መርማሪው አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «እትዬ፣ አይተው ነው ወይስ ነግረውዎት?»

«ነገሩኝ» አለች፤ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ቀጥሎ ረዳቷን አነጋገረ።

«ጋሼን ወገባቸውን ክፉኛ ያማቸዋል» አለች። «ማታ ማታ አንዳችን ማስታገሻ እንወጋቸዋለን። እኔም፣ እሷም፣ ቀዶ ሐኪሙም።»

«ትናንትስ ማን ወጋቸው?»

«እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ሁለቱ ቀርተው ነበር። ማን ከማን በፊት እንደወጣ አላውቅም፤ የጓሮው በር ቁልፍ ሁላችንም ጋ አለ።»

«ስለ ጭቅጭቁ ምን ሰማሽ?»

«በሩ ተዘግቶ ነበር። ‹ይሄ ሁሉ እንስሳ ሲሰቃይ ዝም ልበል?› ስትል ሰማሁ። ጋሼ ደግሞ ‹ለማንም እንዳትናገሪ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ› አሉ።»

ዘበኛው የጨመረው ትንሽ ነው። ማታ ሻለቃ አንዴ ሁለቴ ጮኸ፤ ሊያይ ሲነሳ ጸጥ አለ፤ እሱም ተመልሶ ተቀመጠ። «ምነው ሄጄ ባየሁ!» እያለ መዳፉን ያሻል።

ቀዶ ሐኪሙ የሟች የረጅም ጊዜ ባልደረባ ነው። ሽበቱ የሚያምር፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው። ክፍሉ እንደ ምድጃ ቢግልም የሸሚዙን እጅጌ እስከ አንጓው ቆልፎታል።

«ልጅቱ ልቧ ጥሩ ነው» አለ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ። «ግን ግልፍተኛ ናት። አጎቷ ሊያሰናብታት አስቦ ነበር።»

«ውሻውን ማን ያስተኛው ይመስልዎታል?»

«ሌላ ማን ይሆናል? እንቅልፍ የእሷ ሥራ ነው። እኔ የምቀድ፣ የምሰፋ ሰው ነኝ።»

«ይሞቃል እኮ። እጅጌዎን ሰብሰብ አያደርጉም?»

«ብርድ ብርድ ብሎኛል» አለ ቀዶ ሐኪሙ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ሻለቃን ጓሮ አገኘው። ነቅቷል፤ ግን እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖታል። እንባው በአፍንጫው ይወርዳል፤ ፊቱን ግድግዳው ላይ ያሻል፤ ያሸና ያቃስታል። ብዙ ሬሳ አይቶ የማይረበሸው መርማሪ ይህን ማየት አልቻለም። መኪናውን አስነስቶ ወደ ጣቢያው ከነፈ።

የማደንዘዣ ሐኪሟ ዓይኗ አብጦ ነበር። ገና ሲገባ ብድግ አለች።

«ሻለቃ ነቃ? የሚሞቅ ነገር አልብሰውታል?»

«ነቅቷል። ግን አንድ ዓይኑ ቀልቷል። ግድግዳ ላይ ያሸዋል።»

ሐኪሟ መታሰሯን ረሳች። «አልቀቡትም! ማነው እንዲህ አድርጎ የተወው? ያ መድኃኒት እኮ ዓይን አያስጨፍንም! ተኝቶም ዓይኑ እንደተገለጠ ነው፤ አይርገበገብም። ቅባት ካልተቀባ ይደርቃል፣ ይቆስላል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲያ ነው ያደረው?» ድምጿ ተሰበረ። «ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል። ልሂድና ልየው፣ በእናትህ!»

መርማሪው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ከአጎትሽ ጋር የተጣላችሁት እንዴት ነው?»

«አልተጣላንም። ነገር ስነግረው ነው የጮኽኩት። የህመም ማስታገሻው ብልቃጥ ውስጥ ውኃ ነበር። እንስሳው ተኝቷል፤ ቢላው ሲያርፍበት ግን ልቡ ይጋልባል። አፍ የለውማ፣ የሚነግረኝ በልቡ ነው። አንድ ሰው ማስታገሻውን እየሰረቀ ውኃ ይሞላበታል። እኔ ማን እንደሆነ አላወቅሁም። አጎቴ ግን ሲሰማ ፊቱ ልውጥ አለ።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁሉም ቀዶ ጥገና ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሚስትየዋ ከበሩ አጠገብ፣ ረዳቷ ከመደርደሪያው ሥር፣ ቀዶ ሐኪሙ በለመደበት ቦታ፣ የእንስሳው ሆድ በሚያርፍበት በጠረጴዛው መሐል በኩል። የማደንዘዣ ሐኪሟ በሁለት ፖሊስ ታጅባ ስትገባ ሚስትየዋ ፊቷን አዞረች።

«አንዲት ጥያቄ አለችኝ» አለ መርማሪው። «እንስሳው እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ፣ መጀመሪያ የምትሠሩት ምንድን ነው?»

«ምላሱን ወደ ጎን አወጣለሁ፤ ዓይኑን እቀባለሁ» አለች ረዳቷ።

«ዓይኑን እቀባለሁ» አለች የማደንዘዣ ሐኪሟ። «ከዚያ ከፊቱ አልለይም።»

ቀዶ ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። «እኔማ እጄን እታጠባለሁ። ከዚያ ከምቀደው ቦታ በቀር ሌላውን ጨርቅ አለብሳለሁ።»

መርማሪው ወደ እሱ ዞረ።

«እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር» አለ መርማሪው። «ትናንት ማታ ሟች እንደ ወትሮው እጅጌውን ጠቀለለ፤ የሚወጋውን ሰው ያምነዋላ። ማስታገሻ መስሎት የገባለት ማደንዘዣ ነበር። እሱ ዘፍ ሲል ሻለቃ ጮኸ። ዘበኛው ሳይመጣ ውሻው ዝም ማለት ነበረበት፤ ስለዚህ ገዳዩ ውሻውንም ወጋው። ውሻው ለእንግዳ ሰው እግሩን ለመርፌ አይሰጥም፤ ስለዚህ ገዳዩ ከእናንተ አንዱ ነው። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ እጁ የለመደውን ይሠራል። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ብትሆን እጇ ሳታዝዘው ወደ ቅባቱ ይሄድ ነበር። ፊቱንም አትሸፍንም፤ ትንፋሹን የምታነበው ከፊቱ ነዋ። ሻለቃ ግን ቅባት አልተቀባም። በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ፊቱም ጭምር። ይህ ሁልጊዜ ከጨርቁ ማዶ የሚቆም፣ የሚቀደውን ብቻ የሚያይ ሰው እጅ ነው።»

«ሆን ብላ ትታውስ ቢሆን?» አለ ቀዶ ሐኪሙ፤ ለስላሳው ድምፅ ሻክሯል።

«ሆን ብላ ብትተወው ኖሮ ‹ዓይኑን እዩልኝ› ብላ ቀድማ ታሳየኝ ነበር። እሷ ግን ከእኔ ሰምታ ነው ያለቀሰችው፤ እንዲያ ያለ ልቅሶ ማስመሰል አይቻልም። ቁምሳጥኑንም መክፈት አላስፈለገም፤ ለቀዶ ጥገና ከሚወጣው ብልቃጥ ማስታገሻ ሲያስቀር የኖረ ሰው ማደንዘዣም ማስቀረት አያቅተውም። ሟች ይህን ደርሶበት ነበር። አሁን ብርዱ ለቀቅ ካደረገዎት፣ እጅጌዎን ይጠቅልሉልን።»

ቀዶ ሐኪሙ አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሱ ቁልፉን ፈታለት። ክንዱ ከላይ እስከ ታች በመርፌ ተበሳስቶ፣ አንዳንዱ ጠቁሮ አንዳንዱ ገና ቀይ ነበር።

«ከሙያዬ ሊያስወጣኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ለመንኩት። ‹ነገ ለባለሥልጣን እናገራለሁ› አለኝ። ከዚያ ወገቡን አመመውና ‹እስቲ ውጋኝ› አለኝ። ይህን ሁሉ ተናግሮኝ፣ እጁን ዘርግቶ ሰጠኝ።»

ሚስትየዋ እየጮኸች በሩ ሥር ወደቀች። ረዳቷ ደገፈቻት። የማደንዘዣ ሐኪሟ ግን አልጮኸችም። ጠረጴዛውን ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ስንቶቹ ናቸው እያመማቸው የተሰፉት?»

«አላውቅም» አለ ቀዶ ሐኪሙ። «ፊታቸውን አይቼ አላውቅም።»

ይዘውት ወጡ። መርማሪው ኮፍያውን አንስቶ ለመሄድ ሲዘጋጅ፣ ልጅቱ ሻለቃን ከጓሮ አምጥታ ጠረጴዛው ሥር ስታስቀምጠው አያት። መጀመሪያ የህመሙን መርፌ ሰጠችው፤ እስኪሠራለትም ጆሮውን እያሻሸች ጠበቀች። ሚስትየዋ ከበሩ ሥር ተነስታ ሁለት እርምጃ መጣችና ቆመች። ያሳደገቻትን ልጅ «እባብ» ያለችበትን አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ልጅቱ የዓይን ጠብታውን ከፈተች። ቀና ብላ አላየቻትም።

«እትዬ» አለች፣ «ብቻዬን አልችለውም። ነይ፣ ጭንቅላቱን ያዥልኝ።»