የወይዘሮ አትጠገብ መስኮት

ወይዘሮ አትጠገብ ሞተው የተገኙት ደሴ ውስጥ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጥር በሚያዋስናት፣ ለማንም አላከራይም ባሏት ክፍል ነበር። ክፍሏ የሟች ልጃቸው ነበረች። ሰፈርተኛው «ልጅቱ ወሰደቻቸው» አለ። ፖሊስ ግን ነፃነትን ያዘ።

ነፃነት ከኩታበር የመጣች እናት ናት። ልጇ ኩኩ በክራንች ስለምትሄድ፣ ለትምህርት ቤቱ የምትቀርበውን ይቺን ክፍል እንዲሰጧት ወይዘሮ አትጠገብን እየተላላከቻቸው ስትለምን ከርማለች።

«ከሰሉን አቀጣጥዬ ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ» አለች ለመርማሪ ረሂማ እያለቀሰች። «ሲመሽ ምድጃውን ላወጣ ስመለስ ክፍሉ በከሰል ጭስ ታፍኗል፤ መስኮቱ ተዘግቷል። በርግጄ ብከፍተው ምን ዋጋ አለው! እኔ ከታሰርኩ ይቺ ልጅ የት ትወድቃለች?»

ረሂማ ጂን አትፈራም፤ ሰው ግን ትፈራለች። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁሉንም እዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው። የጦሳ ተራራ ጉም በተከፈተው መስኮት ይገባል፤ የሟች አልጋ እንደተተኛበት ነው።

«ይህን መስኮት የሠሩት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ ሸረፈዲን?»

«አዎ» አሉ ጎረቤትየው አናጺ። «ልጅቱ የሞተች ሰሞን ነው ያስገባሁላቸው። ወላሂ፣ ብርድ ሆነ ዝናብ አንድ ቀን ዘግተውት አያውቁም። ተማሪዎቹ ሲስቁ የሷን ሳቅ የሰሙ ይመስላቸዋል።»

«ታዲያ የዘጋችው ይቺው ናታ!» አለ የወይዘሮ አትጠገብ ወንድም ልጅ ፈንታሁን፣ ኮቱን እየሰበሰበ። «እኔማ ከልጅቱ ልቅሶ ወዲህ ይቺን ክፍል ረግጬ አላውቅም።»

«ኩኩን በርዷታል፤ እስቲ ዝጊው» አለች ረሂማ ለነፃነት።

ነፃነት ገፋችው። እንጨቱ የክረምቱን እርጥበት ጠጥቶ ስላበጠ መሀል ላይ ተቀረቀረ። ሸረፈዲንም ታገሉትና «መላጊያ ይፈልጋል» ብለው ተዉት።

«ኧረ ምን ያታግላችኋል!» አለ ፈንታሁን ብርዱ አንገፍግፎት። «ከታች ብድግ አድርጎ መግፋት ነው እንጂ!» ተነስቶ ጥርቅም አደረገው።

ረሂማ ወደ ፈንታሁን ዞረች።

«የሠሩት ሰው ያላወቁትን አንተ ከየት አወቅከው?» አለች ረሂማ። «ይህ መስኮት የተዘጋው አንድ ቀን ብቻ ነው። አዘጋጉን የሚያውቀውም ያን ቀን የዘጋው ብቻ ነው። አንተ ቤቱን ለመሸጥ ገዢ ይዘህ ነበር። አክስትህ ግን ክፍሏን ለኩኩ ሰጥቻለሁ ሲሉ ጋሼ ሸረፈዲንም አንተም ሰምታችኋል። ከሰሉ ገብቶላቸው፣ እንቅልፍ እስኪጥላቸው ጠበቅህ።»

ፈንታሁን አልጋው ላይ ዘፍ አለ። «ተኝተው ነበር» አለ። «ስዘጋው የልጅ ሳቅ ሰማሁ። ከውጭ አይደለም፤ ከዚሁ ከውስጥ ነው።»

ይዘውት ሲወጡ ረሂማ መስኮቱን መልሳ ከፈተችው። ነፃነት ልጇን አቅፋ እፎይ አለች።

«እማዬ» አለች ኩኩ ድንገት፣ «ማነው የሚስቀው?»

ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ግቢው ውስጥ አንድም ልጅ የለም። ሳቁን ግን ሁሉም ሰሙት። ረሂማ ከልጅነቷ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጂን ፈራች፤ «ቢስሚላህ» እያለች ልትዘጋው እጇን ወደ መስኮቱ ሰደደች።

ነፃነት እጇን ያዘቻት።

«ተይው አይዘጋ» አለቻት። «ትሳቅ፤ ቤቷ ነው። እኛ ነን ደባሎቹ።»